በጎጀብ ቁልቁለት ፔዳሉ የሰመጠው ሃይሩፍ፦ ከረጅሙ ጉዞ በፊት ምን ይስተካከል?

ጥያቄ፦ የጅማ ነዋሪ ነኝ። ባለ 5ኤል ሞተር ሃይሩፍ ገዝቼ የኋላ ወንበሮቹን አውጥቼ አልጋ፣ ቁም ሣጥንና ትንሽ ኩሽና በቺፑድ አሠርቼበታለሁ። የ200 ሊትር የውሃ በርሜል ከኋላ በሩ ሥር አስቀምጫለሁ። ጀርባው ስለተጫነ ባሌስትራው (ጭነት ተሸካሚው ተደራራቢ የብረት ሞላ) ላይ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ፍሬ አስጨምሬያለሁ። ከባለቤቴ፣ ከሦስት ልጆቼና ከእናቴ ጋር ለሙከራ ወደ ቦንጋ ስንሄድ፣ ሸቤን አልፈን ወደ ጎጀብ ስንወርድ የመቃጠል ሽታ መጣና የፍሬን ፔዳሉ ለስልሶ ወለል ነካ። ግማሽ ሰዓት ቆመን ጠበቅን፤ ተመልሶ ደህና ሆነ። ወደ ጊምቦ ስንወጣ ደግሞ የሙቀት መለኪያው ከፍ አለ። ጋራዥ «ሸራ ቀይር» ብሎኛል። በቅርቡ በጊቤ በኩል ወደ ወልቂጤ ልንሻገር አስበናል። ሸራ መቀየሩ ይበቃል? መንገድ ላይስ የት ብናድር ይሻላል?

ምላሽ፦

ሸራ መቀየሩ አይበቃም። ከገለጹት ምልክት ሸራው ዋናው ጥፋተኛም አይመስልም። ፍሬን ቁልቁለት ላይ የሚከዳው በሁለት መንገድ ነው፤ ሁለቱን የሚለየው ደግሞ እግርዎ ሥር ያለው ስሜት ነው። ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ሆኖ፣ በኃይል ረግጠውትም መኪናው አልቆም ካለ፣ ሸራውና ፓዱ (ከታምቡርና ከዲስክ ጋር እየተፋተጉ መኪናውን የሚያቆሙት) ከመጠን በላይ ግለው መያዝ አቅቷቸዋል። ፔዳሉ ለስልሶ ወለል ከነካ ግን የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። ፈሳሽ አይታመቅም፤ እንፋሎት ይታመቃል። እግርዎ ሲረግጥ የሚጨመቀው አረፋው ነው፤ ፓዱ ጋ የሚደርስ ግፊት የለም። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ መልሶ ፈሳሽ ስለሚሆን ፔዳሉ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይመለሳል፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋውም እዚህ ላይ ነው። በሚቀጥለው ቁልቁለት ያው ይደገማል። ዘይት እየፈሰሰ ቢሆን ኖሮ ፔዳሉ ቀዝቅዞም አይመለስም፣ በማጠራቀሚያ ዕቃው ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይትም ይጎድል ነበር። እሱንም ቢሆን ዛሬውኑ ይዩት።

ዘይቱ ለምን ፈላ? አንደኛው ምክንያት እርጅና ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከሳበ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 አዲስ ሲሆን 230፣ ውሃ ሲስብ 155 ነው። የጅማ ክረምት ረጅምና እርጥብ ነው፤ በሌላ አገር ሁለት ዓመት የሚባለውን የቅያሬ ጊዜ እዚህ አንድ ዓመት ቢያደርጉት ይሻላል። ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ ውስጥ የተረፈውንም አይጠቀሙ።

ሁለተኛው ምክንያት፣ እኔ ይበልጥ የምጠረጥረው፣ የጨመሩት ባሌስትራ ነው። ከመኪናው ሥር ገብተው የኋላውን አክሰል ይመልከቱ። በብዙዎቹ ሃይሩፎች ላይ ከአክሰሉ ወደ ሻንሲው የሚወጣ ቀጭን ዘንግ ወይም ሞላ አለ፤ ጫፉ የፍሬን ቱቦዎች ከገቡበት ትንሽ የብረት ቫልቭ ጋር ይያያዛል። ሥራው የጭነቱን መጠን ማወቅ ነው። ጀርባው ዝቅ ሲል ዘንጉ ቫልቩን ይገፋና ለኋላ ጎማዎች ብዙ የፍሬን ግፊት ይለቃል፤ ጀርባው ከፍ ሲል መኪናው ባዶ ነው ብሎ ግፊቱን ይቀንሳል፣ ባዶ መኪና የኋላ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት። እርስዎ ባሌስትራ ሲጨምሩ ጀርባው ሙሉ ጭነት እያለውም ከፍ ብሎ ቀረ። ቫልቩም ባዶ መኪና ነው ብሎ የኋላውን ፍሬን ቀነሰው። ያን ሁሉ ጭነት ያቆመው የፊቱ ፍሬን ብቻውን ነው፤ የፊቱ ዘይት ቢፈላ አይገርምም።

ይህን ያለ መሣሪያ ማረጋገጥ ይቻላል። ዘይቱ ከተቀየረ በኋላ፣ ቤተሰብዎን ሳይጭኑ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከጅሬን ወደ ከተማው የሚወርደውን መንገድ በዝግታ ይውረዱ። በማርሽ እየያዙ ፍሬኑን አልፎ አልፎ ይጠቀሙ። ታች ሜዳው ላይ በዝግታ አቁመው የእጅዎን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ያስጠጉ፣ አይንኩት። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ መጠነኛ ሙቀት ቢጨምሩ ትክክል ነው። የፊቱ እጅ የማያስጠጋ፣ የኋላው ግን ቀዝቃዛ ከሆነ የኋላ ፍሬንዎ አይሠራም፤ ወይ ቫልቩ ነው፣ ወይ የታምቡሩ ሸራ ማስተካከያ ዝጎ ቆሟል። ከአራቱ አንዱ ብቻ ከጋለ ደግሞ እዚያ ጎማ ላይ ካሊፐሩ (ፓዱን የሚጨምቀው ዕቃ) ወይም ሸራው ተጣብቆ አልለቅ ብሏል።

መፍትሔው የተጨመረውን ባሌስትራ ማስወጣትና ክብደቱን መቀነስ ነው። ባሌስትራው የግድ ይቆይ ከተባለ ቫልቩ ከአዲሱ ከፍታ ጋር እንዲስማማ በግፊት መለኪያ መስተካከል አለበት። አንዳንድ ጋራዥ ዘንጉን በሽቦ ወደ ላይ አስሮ ይለቅዎታል። ይህን አይፍቀዱ። ዝናብ በነካው አስፋልት ላይ ድንገት ፍሬን ሲይዙ የኋላው ጎማ ቀድሞ ይቆለፍና መኪናው ይዞራል።

ዘይት ሲያስቀይሩ አጠገቡ ቢቆሙ ጥሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ «ቀይረናል» የሚባለው ከላይ ያለውን ዕቃ መሙላት ብቻ ነውና። አንድ ሊትር ያልተከፈተ ዶት 4 ይግዙ። በመጀመሪያ ከዕቃው ውስጥ አሮጌው ዘይት በሲሪንጅ ይመጠጥና አዲሱ ይሞላ። አየር ማስወጣቱ ከዋናው ፓምፕ ከሚርቀው ጎማ ይጀምራል፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ ከዚያ የጭነት ቫልቩ የራሱ ማስወጫ ካለው እሱ፣ ቀጥሎ የፊት ቀኝ፣ በመጨረሻ የፊት ግራ። በእያንዳንዱ ላይ ግልጽ ላስቲክ ተሰክቶ፣ ጥቁሩ አልቆ ንጹሕ ዘይት ያለ አረፋ እስኪወጣ ይቀጥላል። በመሃል ዕቃው ባዶ ከሆነ አየር ይገባና ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ረዳቱ ፔዳሉን እስከ ወለል እንዳይረግጥ ከሥሩ ቁራጭ እንጨት ያድርጉ። የአሮጌ ፓምፕ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ሄዶ ወደማያውቀው የዛገ ክፍል ከገባ ይቆረጣል፤ ዛሬ ዘይት ቀይረው ነገ ፓምፕ ይገዛሉ። በፍሬን ዘይት ፋንታ የመሪ ወይም የሞተር ዘይት ጠብ እንኳ አይጨመር፤ ጎሚኒውን ሁሉ ያሳብጠዋል።

ጎማዎቹ ተፈተው እያለ ፓዱን ይለኩ። የአምራቾች ገደብ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ለተራራ ግን ከ4 ሚሊ በታች የሆነ ፓድ ይዤ ልውረድ አይበሉ። ቀጭን ፓድ ሙቀቱን በፍጥነት ወደ ዘይቱ ያስተላልፋል። ፊቱ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ተቃጥሏል፣ ይቀየር። የጋራዡ ምክር ትክክል የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ክብደቱ። ቁጥሩን እንደምር። ባለ 18 ሚሊ ቺፑድ አንዱ ሙሉ ጣውላ 35 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አምስት ከሄደ 175 ኪሎ ነው። በርሜሉ ሲሞላ 200 ኪሎ። 12.5 ኪሎ ጋዝ የሚይዝ ሲሊንደር ከነብረቱ ወደ 26 ኪሎ። ስድስት ሰው በአማካይ 60 ኪሎ ቢባል 360። ፍራሽ፣ ልብስ፣ ምግብ፣ ባትሪና ፖርቶ መጋላው ላይ የሚታሰረው ሲጨመር 1 ሺህ ኪሎ መጠጋቱ አይቀርም። ተሳፋሪ ጭኖ የሚሠራ ሃይሩፍም ይህን ያህል ይጭናል ይሉኝ ይሆናል። ልዩነቱ የእርስዎ ጭነት ከፍ ብሎና ወደ ኋላ ተገፍቶ መቀመጡ ነው። ከኋላ አክሰል ጀርባ ያለ በርሜል የመኪናውን አፍንጫ ያነሳል፤ መሪው ይቀልልዎታል፣ ኩርባ ላይ ጀርባው ይወዛወዛል።

በርሜሉን ያውጡት። በምትኩ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በሁለቱ አክሰሎች መካከል፣ ወለል ላይ ይሰሩ። በዚህ መንገድ ላይ ከከተማ ከተማ ያለው ርቀት አጭር ስለሆነ 60 ሊትር ይበቃል። ቁም ሣጥኑን እንደገና የሚያሠሩት ከሆነ ባለ 9 ወይም ባለ 12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ (ከስስ እንጨት የተደራረበ ጣውላ) ይጠቀሙ፤ ቺፑድ ከባድ ከመሆኑም በላይ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ በመንገድ ንዝረትም ብሎኑን ይለቃል። ሃይሩፍ ሲሠራም ረጅም ነውና ፖርቶ መጋላው ላይ ድንኳንና ፍራሽ እንጂ ጀሪካንና ሞተር ዘይት አይጫን። ሁሉም ከተጫነ በኋላ፣ ቤተሰቡም ገብቶ፣ የከባድ መኪና ሚዛን ያለው የቡና ወይም የእህል መጋዘን አስፈቅደው ይመዝኑ፤ መጀመሪያ ሙሉውን፣ ከዚያ የኋላ ጎማዎቹን ብቻ። ውጤቱን በር ላይ ወይም ኮፈን ሥር ካለው የአምራች ጽሑፍ ጋር ያስተያዩ። ወንበር ማውጣቱን በተመለከተ ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሰው ብዛትና የአገልግሎት ዓይነት ከመኪናው ጋር መመሳሰል ስላለበት፣ ለቦሎ ምርመራ ከመቅረብዎ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄደው ለውጡን ያስመዝግቡ። የአልጋው ወንበር ቀበቶ ከሌለው ልጅ በጉዞ ላይ አይቀመጥበት።

የቁልቁለቱን ነገር በዝርዝር ልንገርዎ፤ ጊቤ ከጎጀብ የባሰ ነውና። ከወልቂጤ እስከ ጊቤ ድልድይ ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 800 ሜትር ይጠጋል። 2,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 65 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ያ ሁሉ ሙቀት ወይ በሞተሩ በኩል ይወጣል፣ ወይ በአራት ጎማ ፍሬን። ከጅማ በኩል ሲሄዱ ሰኮሩን አልፈው ይወርዳሉ፣ ከድልድዩ በኋላ ወደ ወልቂጤ ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ደግሞ ይህን 800 ሜትር መውረድ አለብዎት።

ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። መኪናው ፍጥነት ከያዘ በኋላ ለመቀነስ ሲሞክሩ ማርሹ እምቢ ብሎ ፎሌ (ባዶ ማርሽ) ላይ ሊቀር ይችላል፤ ከዚያ የባሰ ቦታ የለም። ለስላሳው ላይ ሦስተኛ፣ ኩርባና ድፍት ሲመጣ ሁለተኛ ይያዙ። በሁለተኛ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሞተሩ ይጮሃል፤ መጮሁ አይጎዳውም፣ ያዝ እያደረገዎት ነው። ፍጥነቱ ወደ 40 ሲጠጋ ፍሬኑን ጠንከር አድርገው ሦስትና አራት ሰከንድ ይርገጡ፣ ወደ 25 ሲወርድ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ። በልቀቱ ጊዜ ዲስኩ አየር ያገኛል። እግርን ፔዳል ላይ አሳርፎ ቀስ እያሉ መውረድ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ዘይትዎን ያፈላው ግን ምናልባት ያ ነው። ከኋላ የሚያጣድፍ አይሱዙ ቢመጣ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ወጣ ብለው ያሳልፉት።

ናፍጣ ለመቆጠብ በፎሌ መውረድ የተለመደ ነው፤ ቁጠባም የለውም። በማርሽ ሲወርዱ ነዳጁን ካልረገጡ የናፍጣ ፓምፑ ራሱ ፍሰቱን ይቆርጣል፤ በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይጠጣል። ሞተር አጥፍቶ መውረድማ ሰርቮውን (ፔዳሉን ለእግር የሚያቀልለውን ዕቃ) ይገድለዋል፤ ሁለት ሦስቴ ከረገጡ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፣ መሪውም ይከብዳል።

ፔዳሉ መንገድ ላይ ዳግመኛ ከሰመጠ ቶሎ ቶሎ ደጋግመው ይርገጡት፣ ማርሽ ይቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን ተጭነው ይዘው ቀስ በቀስ ይሳቡ። የእጅ ፍሬን በሽቦ ስለሚሠራ ዘይት ቢፈላም ይይዛል። ሌላ ምርጫ ካጡ ከገደሉ ተቃራኒ ባለው የተራራ ጎን ቦይ ውስጥ ይግቡ። ታች ሲደርሱ ቶሎ አይቁሙ፤ ሜዳው ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር በዝግታ ይንዱና ነፋስ ያቀዝቅዘው። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ ማፍሰስ ያጣምመዋል።

ወደ ጊምቦ ስትወጡ የጨመረው ሙቀት የተለየ ጉዳይ ነው። 5ኤል ቱርቦ የሌለው 3 ሺህ ሲሲ ሞተር ነው፤ በየ1 ሺህ ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ጉልበት ያጣል። በሦስተኛ እያቃሰተ ከሚወጣ በሁለተኛ ሞቅ ብሎ ቢወጣ የውሃ ፓምፑና ፋኑ በፍጥነት ስለሚዞሩ ይቀዘቅዛል። በመጀመሪያ የሚመረመረው ግን ርካሹ ዕቃ ነው፦ የራዲያተር ክዳን። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ስለሆነች ክፍት ውሃ እዚህ 94 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ደህና ክዳን ግፊት ይዞ ይህን ከ110 በላይ ያደርሰዋል፤ ጎማው የደረቀ ክዳን አያደርሰውም። ቀጥሎ ፋኑ። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሲጠፋ፣ ፋኑ ከቆመ በኋላ፣ በጨርቅ ይዘው ያዙሩት፤ ከበድ ካላለና በነፃ ከተሽከረከረ በፋኑ ማያያዣ ውስጥ ያለው የሲሊኮን ዘይት ፈስሷል። ራዲያተሩ በጭቃና በነፍሳት ከተደፈነ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ ውሃ ያስረጩት። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል አልመክርም፤ ሜዳ ላይ ሞተሩን ያለ ልክ ያቀዘቅዘዋል፣ የሙቀቱን ምክንያትም ይደብቃል። መርፌው ቀይ ሲጠጋ ኤሲ አጥፍተው ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ይክፈቱ፣ ቆመው ሞተሩን ሳያጠፉ ይጠብቁ። የጋለ ክዳን አይከፈትም።

ለማደሪያ ደንቡ አንድ ነው፦ ሸለቆ ውስጥ አይደር። ጊቤና ጎጀብ ቆላ ናቸው፣ ወባ አለ፤ ከሁለቱም ወጥቶ ከፍታው ላይ ያለ ከተማ ማደር ይሻላል። በአንዱ በኩል ቦንጋ ወይም ጊምቦ፣ በሌላው ሰኮሩ ወይም ወልቂጤ። አጎበሩ እዚያም ይሰቀል። ጫካ ዳር ወይም መንገድ ጥግ ከመቆም ይልቅ ግቢና ጥበቃ ያለው ሆቴል ለማቆሚያና ለሻወር ይከፍሉ፤ እናትዎም መጸዳጃ ቤት ፍለጋ በጨለማ አይንገላቱም። ወደ ባርታ ፏፏቴ ወይም ከፋ ጫካ ሲገቡ ዝናብ ከጣለ መኪናውን አስፋልት ላይ ትተው በእግር ወይም በሞተር ሳይክል ይሂዱ፤ ቀይ አፈሩ ሲርስ የተጫነ ሃይሩፍ አይይዝም። ለእንዲህ ያለ ጉዞ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል።

አንድ ነገር ግን ከፍሬኑ እኩል እንዲይዙልኝ እለምናለሁ። ቡና ለማፍላት ወይም ለሌሊቱ ብርድ ከሰል መኪና ውስጥ አይግባ፣ ፍም ሆኖም፣ መስኮት ተከፍቶም። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ የተኛ ሰው አይነቃም። ረከቦቱ ውጭ ይዘርጋ። የጋዝ ሲሊንደሩም የሚቆምበት ሣጥን ወለሉ ላይ ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ይኑረው፤ የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል፣ የጣሪያ መስኮት አያወጣውም። ሲነዱና ሲተኙ ቫልቩ ሲሊንደሩ ላይ ይዘጋ።

ለጊቤው ጉዞ ናፍጣ ጅማ ላይ ይሙሉ፤ ክፍያው በስልክ ስለሆነ ስልክዎ ቻርጅ ይኑረው። በዋዜማው መናኸሪያ ሄደው የመስመሩን ሾፌሮች ስለ መንገዱ ሁኔታ ይጠይቁ። ጎማውን ሳይነዱ በጠዋቱ ብርድ ይለኩት፤ ጊቤ ታች ሲደርሱ ግፊቱ ቢጨምር አያስተንፍሱት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከተነሱ ሰኮሩ ላይ ቁርስ በልተው፣ ጎማዎቹን በእጅ ጀርባ ፈትሸው፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ከ4 ሰዓት በፊት ወይም ጥቂት አልፎ ድልድዩን ይሻገራሉ፤ የወልቂጤውን አቀበትም ሞተሩ በቀትር ሳይፈተን ይወጡታል።